ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ አይጠየፍ አዳራሽ

ደሴ የገባ እንግዳ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ ስሙን ሳይሰማ አይመለስም። አዳራሹ አይጠየፍ ይባላል። ይህ ስም የወጣለትም ባለጸጋውና ድኻው፥ መኰንኑና ባላገሩ በአንድ ጣራ ሥር ለግብር የሚቀመጡበት፥ ማንንም የማይጠየፍ ቤት ነው ለማለት እንደ ሆነ ሽማግሎች ይናገራሉ። ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ። ግብሩም ከጌታው ጋር ቀረ፤ ስሙ ግን ከግብሩ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ።

ይህን ስም ያወጡ ሰዎች አንድ ነገር አስተውለዋል። ሰው ብቻ ሳይሆን ቤትም ሰውን ይጠየፋል። የደጃፉ አሠራር፥ የወንበሩ አቀማመጥ፥ የዘበኛው አመለካከት አንዳንዱን ግባ፥ አንዳንዱን ሂድ ይለዋል፤ አንደበት ሳይኖረውም ይሰማል። ስለዚህ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕዝቡን እንዲስብ ሆኖ እንደ ገና ይደራጅ የሚል ሐሳብ በተነሣ ጊዜ፥ ነገሩ ለመሐንዲስና ለአናጢ ብቻ የሚተው መስሎ ቢታይም በሥሩ ያለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። በሕዝብ ስም የቆመ ቤት ከሕዝቡ የሚበዛውን ክፍል ሳይናገር ቢመልስ፥ የሕዝብ መባሉ እውነት ነውን?

በደሴ ፒያሳ የሚባለው ሰፈር ስሙ የጣሊያን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም አደባባይ ማለት ነው። በአማርኛ ግን አደባባይ ባዶ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ሰው ክርክሩን የሚያሰማበት፥ ወሬ የሚለዋወጥበትና ከሰው ተራ የሚቈጠርበት ስፍራ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር በዚያ ጎዳና ላይ ከሚወጣውና ከሚወርደው ሕዝብ መካከል፥ በአጠገቡ የቆመ ቤተ መጻሕፍት ቢኖር ስንቱ ይገባበት ይሆን? በብዙ ከተማ እንደ ተለመደው ከሆነ የሚገባው ተማሪ ብቻ ነው። እርሱም በፈተና ሰሞን ደብተሩን ይዞ ወንበር ፍለጋ የሚመጣ እንጂ መጽሐፍ ፍለጋ የሚመጣ አይደለም፤ ፈተናው ሲያልፍ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። መጻሕፍቱም ከመስተዋት በስተኋላ ተደርድረው፥ አንባቢው የሚፈልገውን በወረቀት ጽፎ እንዲጠይቅ ይታዘዛል። ነገር ግን ሰው ያላየውን መጽሐፍ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ እንዴት ይችላል?

ከገበያ የተመለሰች ሴት ልጇን አዝላ ብትመጣ፥ ሕፃኑ ያውካል ተብላ ትመለሳለች። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ የሚያነብላቸው ሰው ቢሹ፥ ድምፅ ክልክል ነው ይባላሉ። ቍልቍል በኮምቦልቻ፥ ፋብሪካ በበዛባትና በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ በተመረቀባት ከተማ የሚሠራ ወጣት ከሥራው ሲወጣ የመሥሪያ ቤት ሰዓት አልፏልና በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። ለእነዚህ ለሦስቱ ክፉ ቃል የተናገራቸው የለም፤ ቤቱ ግን ተጠይፏቸዋል።

ይህ ልማድ ከወዴት እንደ መጣ መመርመር ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ መጽሐፍን የምታኖርበት ቤት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዕቃ ቤት ነው፤ በዚያ መጽሐፉ ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር ይቈለፋል። ሁለተኛው ጉባኤ ቤት ነው፤ በዚያ አንዱ ደቀ መዝሙር ያነባል፥ መምህሩ ይተረጕማሉ፥ የቀሩት ይሰማሉ፥ ይጠይቃሉ፥ ይከራከራሉ። ዕቃ ቤቱ የተቈለፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የብራና መጽሐፍ የብዙ እንስሳ ቆዳና የብዙ ወራት የጸሓፊ ድካም ያለበት ስለሆነ፥ አንዱ ቢጠፋ ምትኩ በቀላል አይገኝም ነበር። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ ሁለቱንም አጣምረው ይዘዋል። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው ወንጌላቸው እስከ ዛሬ መኖሩ የዕቃ ቤቱ ፍሬ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ አባት ከዚያ ተምረው መውጣታቸው ደግሞ የጉባኤው ፍሬ ነው። (ሐይቅ ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው፤ በዚህም ሊነቀፍ አይገባውም፤ ገዳሙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነኝ ብሎ አያውቅምና።) የዛሬው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን የዕቃ ቤቱን ቍልፍ ወርሶ የጉባኤውን ምንጣፍ ትቶታል።

ቍልፉስ ቢሆን እስከ ምን ድረስ አዳነ? ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው በወሎ፥ በመቅደላ አምባ፥ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ተወሰዱ፤ ዛሬም በዚያ ይገኛሉ። ገደሉም ዘበኛውም አላስጣላቸውም፤ እንዲያውም ባንድ ስፍራ ተከማችተው መገኘታቸው ለወሳጁ ሥራውን አቀለለለት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በገባ ጊዜም ብዙ የሕዝብ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ይህን ማለት ቍልፍ ይጣል ማለት አይደለም፤ ብራና ብራና ነው፥ ይጠበቅ። በሺህ የሚታተመውን መጽሐፍ እንደ ብራና መቈለፍ ግን ጥበቃ ሳይሆን ጥበቃን መምሰል ነው።

ስለ ጸጥታ የሚነሣው ተቃውሞ ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል፤ በቀላሉም የሚናቅ አይደለም። አባት እናቱና ታናናሾቹ ሁሉ ባንዲት ክፍል የሚያድሩበት ተማሪ፥ ጸጥታ የሚያገኝበት ስፍራ በከተማው ውስጥ ከቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ላይኖረው ይችላል። ሕዝብ ይሰብሰብ ተብሎ ይህ ልጅ ጸጥታውን ቢነጠቅ፥ የተነጠቀው እንጀራውን ነው። እንግዲህ የተጋጩት ክፉና ደግ አይደሉም፤ ሁለት ደጎች ናቸው።

ሆኖም ማንበብ ሁሉ በዝምታ ነው የሚለው አሳብ ለዚህ አገር እንግዳ ነው። በሐዋርያት ሥራ የተነገረለት ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መጽሐፉን ያነብ የነበረው በመንገድ፥ በሠረገላው ላይ ሆኖ ነው። ፊልጶስም ቀርቦ ሲያነብ ሰማው፤ ድምፁን አሰምቶ ባያነብ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? ያነበበውንም ያስተዋለው ፊልጶስን ከጎኑ አስቀምጦ ጠይቆ ነው። ስንክሳሩ ለሕዝብ ይነበባል፥ ዳዊቱ በዜማ ይደገማል፥ የቆሎ ተማሪው ትምህርቱን እየጮኸ ያጠናል። በወሎ መስጊድ የሚማረው ደረሳም ቁርኣኑን የሚቀራው በድምፅ ነው። ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ በዚህ አገር መጽሐፍን በጆሮው ያውቀው ነበር።

ስለ ወሎ ከተነገረ ደግሞ አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በዝምድና ተሳስረው፥ በሠርግና በለቅሶ ተረዳድተው ይኖራሉ። ነገር ግን ድግስ በሚሆንበት ጊዜ የአንዱ ሥጋ ለሌላው አይሆንምና ሁለት ከብት ይታረዳል፥ ሁለት ማዕድ ይቀርባል። የታሪክ፥ የሕክምና፥ የእርሻ ወይም የሒሳብ መጽሐፍ ግን ሁለት ጊዜ አይታረድም። የቆሎ ተማሪውና ደረሳው ባንድ ሰሌዳ ተቀምጠው አንዱን መጽሐፍ ሊገልጡ ይችላሉ። አይጠየፍ አዳራሽ እንኳ ይህን ያህል ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ያም ሆኖ አይጠየፍ ሥርዓት የሌለው ቤት አልነበረም። በቀድሞው የግብር ልማድ መኳንንቱ በስፍራቸው፥ ወታደሩም በተራው ይቀመጥ ነበር እንጂ ሁሉም ተጋፍቶ አይገባም። አለመጠየፍና ሥርዓት አይጣሉም። ስለዚህ የጸጥታው ክርክር መፍትሔው ከዚያው ከአዳራሹ ይገኛል፤ ቤቱን መክፈል ነው። ከበሩ ራቅ ያለው ክፍል ለሚያጠናው ይሁን፥ በዚያም እስትንፋስ ብቻ ይሰማ። ወደ ጎዳናው የሚያየው ክፍል ለሚያነብላቸውና ለሚነበብላቸው፥ ለሚነጋገሩትና ለሕፃናት ይሁን፤ መደርደሪያውም ያለ መስተዋት፥ እጅ በሚደርስበት ቁመት ይቁም። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ መምህር በዚያ ተቀምጦ ጋዜጣውን ወይም አዲሱን አዋጅ ለሕዝቡ ቢያነብ፥ ገበሬው ስለ መሬቱ ምን እንደ ተደነገገ ከጠጅ ቤት ወሬ ይልቅ ከጽሑፉ ይሰማል።

ስለ ተከፈተ በር የሚነገር የታወቀ ታሪክ በአሜሪካ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1850 ገደማ ኮሎኔል አንደርሰን የሚባሉ ሰው 400 ያህል መጻሕፍታቸውን በየቅዳሜው ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ነበር። በኋላ ግን የእጅ ሥራ የሚማር ብቻ በነጻ ይዋስ የሚል ደንብ ወጣ፤ ከስኮትላንድ የመጣው የሸማኔ ልጅ፥ የቴሌግራም መልእክተኛው አንድሩ ካርኔጊም ከደጅ ቀረ። ልጁ ለጋዜጣ ጽፎ፥ እኛም እኮ ሠራተኞች ነን ብሎ ተከራከረ፤ ደንቡም ተሻሻለለት። ይህ ልጅ ባደገና በበለጸገ ጊዜ ከ2,500 የሚበልጡ ቤተ መጻሕፍት በየአገሩ አሠርቷል። የካርኔጊ ሀብት በምን መንገድ እንደ ተሰበሰበ ሌላ ክርክር አለበት፤ በዚያች ቅዳሜ የተከፈተችው በር ግን ከክርክሩ ውጭ ናት።

በኢትዮጵያ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቤት ሙሉ ስሙ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ነበር። ሕዝቡ ግን ስሙን ሲያሳጥር ወመዘክር ብቻ አለው። መጻሕፍቱ ወድቀው «እና መታሰቢያ» የሚለው ጅራት ቀረ ማለት ነው፤ ሕዝብ ስም ሲያወጣ አንዳንዴ ሳያስበው ይፈርዳል። በ2014 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የተመረቀው አብርሆት ባንድ ጊዜ ከ2,000 የሚበልጡ አንባቢዎችን እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል። በፊንላንድ ዋና ከተማ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ኦዲ የሚባለው ቤተ መጻሕፍትማ የልብስ ስፌት መኪናና ወጥ ቤት ሳይቀር አለው። ደሴ ይህን ትቅዳ የሚል ካለ ይሳሳታል። ልብስ ሰፊው በየሱቁ በረንዳ ላይ በሚቀመጥበት አገር የቸገረው የስፌት መኪና አይደለም፤ የቸገረው የሰፊው ልጅ ወደ መጽሐፍ የሚገባበት በር ነው።

መጽሐፍ ይሰረቃል የሚለው ፍርሃት እውነት ነው፤ ይሰረቃል። መስተዋቱ በተነሣ ዓመት ከመደርደሪያው አንዳንድ መጽሐፍ መጉደሉ አይቀርም፥ ተቈጣጣሪም መጥቶ ጠባቂውን ይጠይቃል። አንድም አንባቢ ሳይገልጠው አሥር ዓመት ስለ ቆየው መጽሐፍ ግን የሚጠይቅ ተቈጣጣሪ የለም፤ ቈጠራው ሙሉ ነውና። ጠባቂው የሚፈራው ይህን መዝገብ ነው፤ ስለዚህ በጠባቂው ከመፍረድ አስቀድሞ መዝገቡን መለወጥ ይሻላል። የጠፋው በሚጻፍበት ገጽ ትይዩ የተነበበውም ይጻፍ።

በቀድሞው አዳራሽ ሁለት ዓይነት ሰዎች ያገለግሉ ነበር። አጋፋሪው በደጅ ቆሞ የሚገባውን ያስገባል፥ የማይገባውን ይመልሳል። አሳላፊው ደግሞ በውስጥ እየተዘዋወረ ለማን ምን እንደ ጎደለው አይቶ ያቀርባል። የዛሬው ቤተ መጻሕፍት አጋፋሪ አላጣም፤ በደጁ ቦርሳ የሚፈትሽ፥ መታወቂያ የሚጠይቅ፥ ሰዓት የሚያይ አለ። ለዚያች ልጅ ላዘለችው ሴት ስለ ሕፃን ሕመም የተጻፈውን አውጥቶ፥ ሽማግሌውን ከሚያነብላቸው ወጣት ጋር አገናኝቶ የሚያስቀምጠው አሳላፊ ግን በብዙ ስፍራ በደመወዝ መዝገቡ ላይ እንኳ ገና ስሙ አልተጻፈም።