መሪውን ማስረከብም ሩጫ ነው



በንፋስ ስልክ ላፍቶ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ያደገ ልጅ ሁሉ የኩሽኔታን ድምፅ ያውቃል። ጥቂት ጣውላ፣ አንድ ወፍራም ብሎን፣ ከጋራዥ የተለመኑ ያረጁ ኩሽኔታዎችና ለመሪ የሚሆን ገመድ ከተገኙ መኪና ተሠራ ማለት ነው። ሞተር የለውም፤ ሞተሩ ቁልቁለቱና የጓደኛ ክንድ ናቸው። በሌላው ዓለም የዚህች መኪና ታላቅ ወንድም ጎ-ካርት ይባላል። የመጀመሪያው ጎ-ካርት እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ አርት ኢንግልስ በተባለ ሰው እጅ፣ በሣር ማጨጃ ሞተር ተሠራ። ዛሬ በጎ-ካርት ከሚደረጉት ውድድሮች አንዱ የቡድን የጽናት ውድድር ነው። በዚህ ውድድር አንዲት መኪና ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለ24 ሰዓት ትዞራለች፤ ነጂዎቹ ግን በየተራ ይፈራረቁባታል። የሚቆጠረው ዙር የአንዱ ነጂ ሳይሆን የቡድኑ ነው። ስለዚህ ፈጥኖ መንዳት ብቻውን አይበቃም፤ በጊዜው ወርዶ መኪናዪቱን በደኅና ለሚቀጥለው ማስረከብም የውድድሩ ክፍል ነው።

የቁምስናችን ወጣቶች በአንድ የጥቅምት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ በኩሽኔታ ለማድረግ ተነሡ። መኪና የማይበዛበት የአስፋልት ቁልቁለት መረጡ፤ ኮብልስቶን ለኩሽኔታ አይመችምና። ለየቡድኑ አንዲት ኩሽኔታ፣ አምስት ልጆችና አንድ ትልቅ ሰው ተመደቡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይገፋል፣ የቀሩት ከታች ተቀብለው በገመድ ወደ ላይ ይጎትታሉ። ብዙ ጊዜ የወረደችው ታሸንፋለች። እኛም ካህኑ በአንደኛው ቡድን ገባን፤ ነጂው መቼ እንደሚለወጥ መንገር የእኛ ድርሻ ሆነ።

ከልጆቻችን አንዱ እጅግ ጎበዝ ነጂ ነበር። ተራው ሲያልቅ «አባ፣ አንድ ብቻ ልድገም» አለን፤ እየመራን ስለነበር ፈቀድን። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱም አሥር ሆነ። የቡድኑ ታናሽ የሆነች ልጅ ገመዱን እየጎተተች ስትወጣ በዓይኗ ትጠይቀን ነበር፤ እኛም «ቆይ፣ አሁን ይደርስሻል» እያልን አቆየናት። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር የደከመው ነጂ መታጠፊያውን ሳተ። ኩሽኔታዪቱ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨች፤ የፊት እንጨቷም ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ጉልበቱ ከመላጡ በቀር ጉዳት አልደረሰበትም። ያቺ ልጅ ግን ሳትነዳ ዋለች። ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል «አባ፣ እኔ የጎተትኩት ይቆጠራል?» ብላ ጠየቀችን። ወዲያው የምንመልሰው ቃል አጣን።

ይህ ስሕተት በልጆች ጨዋታ ብቻ የሚታይ አይደለም። በፈረንሳይ ሀገር በለ ማን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የሚታወቅ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር አለ። በ1952 ፒየር ለቬግ የተባለ ነጂ መሪውን ለጓደኛው ለሬኔ ማርሻን ሳያስረክብ ሌሊቱንም ቀኑንም ብቻውን ነዳ። ከሁሉ ቀድሞ ሳለ፣ ውድድሩ ሊፈጸም አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ሞተሩ ተሰበረ፤ ድሉም ለሁለቱ ጀርመናውያን፣ ለሄርማን ላንግና ለፍሪትስ ሪስ ሆነ። ለቬግ ያልወረደው በሞተሩ ላይ እንግዳ ንዝረት ስለተሰማው፣ ከእርሱም በቀር ማንም በጥንቃቄ ሊነዳው አይችልም ብሎ ስለፈራ እንደሆነ ይነገራል። በዛሬው የለ ማን ደንብ አንድ ነጂ በጠቅላላው ከ14 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም።

እንግዲህ ይህን ሰው ትዕቢተኛ ብለን ለመፍረድ አንቸኩል። ብዙ ጊዜ ወንበራችንን የማንለቀው ሥራውን ስለምንወድ ነው። «ጉድለቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሌላ ቢይዘው ይበላሻል» እንላለን። ፍቅር መስሎ የሚጀምረው ነገር ግን ቀስ በቀስ በእግዚአብሔርና በወንድም ላይ እምነት ወደ ማጣት ይለወጣል።

ከዓመታት በፊት ባገለገልንበት በአንድ ቁምስና ሠላሳ ዓመት ያህል ያስተማሩ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነበሩ። መዝገቡ በእርሳቸው ዘንድ ነው፤ የማስተማሪያው ክፍል ቁልፍም በእርሳቸው ኪስ ነው። የየቤተሰቡን ችግርና የየልጁን ጠባይ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ። እኛም «እርሳቸው ካሉ ሐሳብ የለብንም» ብለን ተዝናናን። በዐቢይ ጾም መካከል ድንገት ታመው አልጋ ያዙ። ለፋሲካ ጥምቀት ይዘጋጁ የነበሩት ንኡሰ ክርስቲያን የሚሰበስባቸው አጡ፤ ጥቂቶቹ ተበተኑ፣ ከእነርሱም ተመልሰው ያልመጡ አሉ። መምህሩን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ «አባ፣ አንድ ሰው ላሠልጥን ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ሰለቸው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እናንተም አልጠየቃችሁኝም» አሉን። እውነት ነው፤ አልጠየቅናቸውም። በኩሽኔታው ጊዜ እንዳደረግነው፣ ጎበዙ ስለሚነዳልን ብቻ ሌላውን ገመድ ሲያስጎትት ዝም ብለን አየን።

ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ሌላ መንገድ ያሳዩናል። ሙሴ ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት እጁ በደከመ ጊዜ ብቻዬን እችላለሁ አላለም፤ አሮንና ሖር ደገፉት (ዘጸ. 17፥8-13)። ዕድሜውም ሲፈጸም በሕዝቡ ሁሉ ፊት እጁን በኢያሱ ላይ ጭኖ ኃላፊነቱን አስተላለፈ (ዘኁ. 27፥18-23)። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን እንደ ተካይ፣ አጵሎስን እንደ አጠጪ ቈጥሮ፣ የሚያሳድገው ግን እግዚአብሔር መሆኑን አስተማረ (1ቆሮ. 3፥6)። ከሁሉም በላይ ጌታችን ራሱ መሄዱ ለደቀ መዛሙርቱ እንደሚበጃቸው ነግሯቸው (ዮሐ. 16፥7)፣ ትተውት ለሸሹት ለእነዚያ ደካሞች ቤተ ክርስቲያኑን አደራ ሰጣቸው። የዓለም መድኃኒት ለዓሣ አጥማጆች ካስረከበ፣ እኛ ለጎረቤታችን ልጅ አንድ የሰንበት ትምህርት ለማስረከብ ስለምን እንፈራለን?

በዘመናችንም ምሳሌ አይተናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በ85 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ኃይላቸው ለተሰጣቸው አገልግሎት እንደማይበቃ በትሕትና ገልጠው መንበሩን ለቀቁ። ከዚያም በዲሴምበር 2022 እስካረፉ ድረስ ስለ ቤተ ክርስቲያን እየጸለዩ ኖሩ። መሪውን ለቀቁ እንጂ ከቡድኑ አልወጡም።

ይህን ስንል ግን አገልግሎትን ጥሎ መሄድ ማለታችን አይደለም። ኩሽኔታዋን በመንገድ መካከል ትቶ የሚሄድ ልጅ አስረከበ አይባልም። ማስረከብ የሚቀበለውን ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀትን ይጠይቃል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ከወጣቶች አንድ ረዳት ይምረጥ፤ በወር አንድ ጊዜም ረዳቱ ሲያስተምር እርሱ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ያዳምጥ። ሁለተኛ፣ መዝገብና ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቅር። ሦስተኛ፣ ያስረከበ ሰው ከዳር ቆሞ ነጂውን አይንቀፍ፤ ገመዱን ይያዝ። ወጣቶችም ሆይ፣ በጎ-ካርት ውድድር ክብደቱ የሚቀል ነጂ ከሌሎቹ ጋር እንዲመጣጠን እርሳስ የሚጭንበት ደንብ አለ። እናንተም ወንበሩን ስትቀበሉ ፍጥነታችሁን ብቻ ሳይሆን የታላላቆቻችሁን ሸክም ደግሞ ተሸከሙ።

ያ ጎበዝ ልጅ የተሰበረውን እንጨት ለውጦ በሚቀጥለው እሑድ ኩሽኔታዪቱን ይዟት መጣ። ያቺን ታናሽ ልጅ ጠርቶ አስቀመጣት፤ ገመዱን እንዴት እንደምትይዝ አሳያት፤ ከኋላዋም ሆኖ ቀስ ብሎ ገፋት። እንደ እርሱ ፈጥና አልወረደችም፤ ነገር ግን በደኅና ደረሰች። እኛም ከታች ቆመን ጠበቅናት፤ ስትደርስም የጎተተችው ሁሉ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደተቈጠረ፣ ተራዋን የነሣናት ግን እኛ እንደሆንን ነግረን ይቅርታ ጠየቅናት። ከዚያም ገመዱን ይዘን ወደ ላይ ጎተትን። ዳገቱ ከምናስበው በላይ ረጅም ነበር።

አደራውን የሰጠን እግዚአብሔር በጊዜው ለመያዝ ብርታትን፣ በጊዜውም ለማስረከብ ትሕትናን ይስጠን። አሜን።