ዐይኑ ዐ

አዋሽ ሰባት፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ዳር፣ አንዲት ባለ ሻይ ቤት የዱቤ ደብተር አላት። ሽፋኑ በዘይት ወዝቷል፤ እስክሪብቶው በክር ታስሮ ከምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ከሾፌሮቹ ስም መሀል የአንድ የ6 ዓመት ልጅ ስም ነበረበት፤ «አሊ፣ 2 ፓስቲ» ይላል። አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍላል። የማወራችሁ ተረት ነው፤ ልጁን ግን ዐሊ በሉት።

ልጁ ስሙን መጻፍ የጀመረው ከዚሁ ደብተር ነው። ሻዩ እስኪፈላ እትዬ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ስኳር በመዳፏ ትደለድልና ጣቱን ይዛ «አ… ሊ…» ታስጽፈዋለች። ሁለት ፊደል! አንዱን ጽፎ ሌላውን ይልሳል። መማር እንዲህ ከሆነ ማን ይጠላል?

ነገሩ የተወሳሰበው ቁርኣን ቤት የገባ ለት ነው። ኡስታዙ ስሙን ከእንጨት በተጠረበ ሎህ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ጻፉለት፤ ዐይን፣ ላም፣ ያ። ሦስት ሆነ። ማታ ሎሁ ለነገ ትምህርት ሲታጠብ ስሙ ከቀለሙ ጋር ፈሰሰ፤ ዐሊም ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰመራ አጎታቸው ዘንድ እየኖረች የምትማረው ታላቅ እህቱ መጣች። እሷ የምትማረው በአፋርኛ ነው፣ በላቲን ፊደል። «ተሳስተሃል፣ አራት ነው» አለችውና በአሸዋው ላይ በእንጨት ጻፈችለት፤ ኪው፣ ኤ፣ ኤል፣ አይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ዐፋር ፌራ የሚባለውን ይህን አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቀመሩት ዲሚስና ሬዶ በሚሉ ስሞች የሚታወቁ ሁለት የአፋር ልጆች ናቸው። አፋርኛ የኛን «ቀ» የመሰለ ድምፅ ስለሌለው ኪው ሥራ ፈት ሆና ቀረች። ስለዚህ ከጉሮሮ ሥር ለሚወጣው ድምፅ፣ ዐረቦቹ «ዐይን» ለሚሉት ቀጠሯት። ሲ ደግሞ ለ«ሐ» ተመደበች። ነጥብ ሳይቀጥሉ፣ ሰረዝ ሳይጨምሩ፣ በማንኛውም የላቲን የጽሕፈት መኪና ላይ ባለ ፊደል ቋንቋቸውን አስገቡት። ብልህነት ነው እላለሁ።

ዐሊ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። «ነገስ ስንት እሆናለሁ?» አለ።

እህቱ ልታጽናናው ሞከረች። «ከተማችንም እኮ እንዳንተው ናት። አዋሽ በአማርኛ ሦስት ፊደል፣ በእንግሊዝኛ አምስት፣ ባቡሩን የሠሩት ፈረንሳዮች ሲጽፏት ደግሞ ሰባት።» ይህ ልጁን ይባስ አስጨነቀው። ከተማ ትልቅ ነው፣ ሰባቱንም ይችላል። እሱ ትንሽ ነው።

በሳምንቱ አያቱ ግመል ሊሸጡ ከገጠር መጡ። ፊደል የሚባል አይለዩም። የግመል መተኮሻ ምልክት ግን ጭኑ ላይ ይሁን አንገቱ ላይ ከሩቅ አይተው «የእነ እገሌ ጎሳ ነው» ይላሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ዳጉ አዋቂ ናቸው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሥራውን አቁሞ፣ ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል፤ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ ከብቱ ወዴት ሄደ። የሰማውን ሳይቀንስና ሳይጨምር ማስተላለፍ ግዴታው ነው። የዳጉን ቃል ያዛባ ሰው ዋጋ የለውም።

ልጁ ጭንቀቱን ነገራቸው። ሽማግሌው መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ፤ «እህትህ ሦስቱንም በወረቀት ትጻፈው፤ አንተን ለማያውቅ ሰው እንስጠው። ዳጉ የሚፈተነው ሲደርስ ነው» አሉ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ከደጋ የመጣ አንድ ሾፌር ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ መጀመሪያ የላቲኑን አነበበ፤ «ቃሊ!» አለ። ቀጥሎም ሳቀ፤ «አባባ፣ ‹ቲ› ጎድላዋለች እንጂ እኔ ጭነት የማራግፍበት ሰፈር ነው።» ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ዐሊ ብቻ አልሳቀም። ወደ ዐረብኛው ሲደርስ ሾፌሩ «ይህን እንኳ አልችልም» ብሎ ዘለለው። የአማርኛውን ሳይደናቀፍ አነበበ፤ «አሊ።»

አያት ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔ ልጅ እንዲህ ተብሎ ቢጠራ ዞር አይልም።» እህትየው አስተረጎመች። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እትዬ ዞሩ፤ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ፊደል ስትደረድሩ የጉሮሮውን ድምፅ ረሳችሁት?»

«ኧረ አልረሳነውም አባቴ! ዐይኑ ዐ ይባላል» አለችና ስኳሩ ላይ ያችን ክብ ጻፈችላቸው። ቀጥላም ድምፅዋን ቀነስ አደረገች፤ «ብቻ… በኛ አፍ ከአልፋው አ ጋር አንድ ነው የምንለው።»

ሽማግሌው ክቧን ብዙ አዩዋት። «ቀርበቱን ጠብቃችሁ ውሃው አልቆባችኋል» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ደግሞ ውሃው እያለን ቀርበት ተውሰን እንቀዳለን።»

(በትግርኛ ቀርበቱም ውሃውም ዛሬም አሉ፤ የዚያን ለት ግን ከሻይ ቤቱ አንድም ትግርኛ ተናጋሪ አልነበረም።)

እትዬ ነገሩ ከነከናት መሰለኝ፣ ልትለው ሞከረች። ሳል ሆነባት። ሾፌሩ «ጉንፋን ነው?» አላት። ዐሊ ተነሥቶ ወንበር ላይ ወጣ፤ ጣቷን ያዘና፣ እሷ ስኳሩ ላይ ትይዘው እንደነበረው፣ የራሱ ጉሮሮ ላይ አኖረው። «ከዚህ» አላት፤ ስሙንም ጠራ። ጣቷ ሥር ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ሁለተኛው ሙከራ ከሳሉ አልተሻለም። በሦስተኛው ወጣላት።

«ደረሰ» አሉ አያት፤ መፋቂያቸውንም ወደ አፋቸው መለሱ።

እትዬ ደብተሩን ገለጠች፣ «አሊ»ን በአንድ መስመር ሰረዘች፣ ከሥሩ «ዐሊ» ብላ ጻፈች። ልጁም እስክሪብቶውን ከነክሩ ተቀብሎ ከጎኑ በላቲኑም፣ ከቀኝ ወደ ግራም ደገመው። ክሩ ስላጠረ የዐረብኛው ትንሽ ተንጋዷል።

ቅዳሜ ሒሳብ ሲጠየቅ ዐሊ አዲሱን መስመር አመነ። የተሰረዘውን ግን «ያ እኔ አይደለሁም» ብሎ ካደ። አባቱ ሁለቱንም ከፈለ።