ጋኑን ማን ሞላው?

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ሲሜዮን ሻርደን በ1734 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣላት አንዲት ትንሽ ሥዕል ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። እኔ የማውቃት ከመጽሐፍ ላይ ነው። በእንጨት ማስቀመጫ ላይ የቆመ የመዳብ የውሃ ጋን፣ ከአጠገቡ ባልዲና ጥቂት የጓዳ ዕቃ፤ ሰው ግን የለም። የነገሥታትና የመላእክት ሥዕል በሚከበርበት ዘመን የጓዳ ዕቃ ምን ቁም ነገር ኖሮት ነው?

ለብዙ ጊዜ የመዳቡን ውበት ብቻ አይ ነበር። አንድ ቀን ግን “ጋኑን ማን ሞላው?” የሚል ጥያቄ መጣብኝ። በዚያን ጊዜ በአብዛኛው የፓሪስ ቤት ቧንቧ አልነበረም፤ ውሃ የሚገባው በሰው ትከሻ ነበር። ያ ተሸካሚ በሥዕሉ ውስጥ አይታይም፤ ያለ እርሱ ግን ጋኑ ባዶ ነው።

ይህን ሳስብ የእናቴ ቤት እንስራ ታወሰኝ። እኔ ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ እኩያዬ የነበረችው ሠራተኛችን እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ትወርድ ነበር። ውሃውን እየጠጣሁ አደግሁ፤ “አንቺስ መማር አያምርሽም?” ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

“ሻርደን ይህን ሁሉ አስቦ ነውን?” የሚል ይኖራል። ምናልባት አላሰበም። ዕቃ ግን የተገለገለበትን ብቻ ሳይሆን የደከመበትንም ሰው ይመሰክራል፤ ሠዓሊው በታማኝነት ከሣለው ምስክርነቱም አብሮ ይሣላል። መስማት አለመስማት የእኛ የተመልካቾች ፈንታ ነው። እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።