ከቆቦ ማሳ ስር ያለው ጠጠር

ከቆቦ ሜዳ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው ተራራው ጸንቶ የሚኖር፣ ጎርፉ ግን የሚያልፍ ይመስለዋል። የጎሊናን ወይም የሆርማትን ወንዝ ዳርቻ ቀርቦ ላስተዋለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጎድል፣ ጎርፍ የቆረጠው አፈር እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፦ ከላይ ማሽላ የሚበቅልበት ደለል፣ ከስሩ ድቡልቡል ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ ደግሞ ጠጠር። ጠጠሩ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው የደጋ ባዛልት የተሰበረ ነው። አንዳንዱ በጥቁር አካሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው፤ ቅልጡ ዐለት ሲቀዘቅዝ አረፋው የተወው ቀዳዳ ኋላ በማዕድን ተሞልቶ ነው። ጠፍጣፋዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ ራስ አዘንብለው ተኝተዋል። ከአተኛኘታቸው ውሃው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቻላል።

እንዲህ ያለ ጠጠር እንዴት እንደሚከማች ለመረዳት ወደ በረዶ ዘመን መመለስ ይጠቅማል። የበረዶ ዘመን ሲባል በእኛ አገር በረዶው የያዘው እንደ ስሜንና ባሌ ያሉ ከፍተኛ ተራሮችን አናት ብቻ ነበር። ለቀረው ምድር ዘመኑ በአመዛኙ የብርድና የድርቅ ነበር፤ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና እንኳ ደርቆ ነበር። ዝናብ ሲያንስ ተዳፋቱ ይራቆታል፣ ድንጋዩ ይናዳል፣ ወንዙም መሸከም ሲያቅተው ሸክሙን ግርጌ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ዝናቡ ሲመለስ ያው ወንዝ የገዛ ክምሩን ይቆርጣል፤ የቀድሞ ወለሉም ከፍ ብሎ እርከን ሆኖ ይቀራል። በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ወንዝ ዳር ያሉት የጠጠር እርከኖች ከዚያው የአየር ንብረት መለዋወጥ ጋር የተያያዙ ናቸው። ቆቦ ያለበት ራያ ግን ስምጥ ነው። የዞብል ተራሮች በምሥራቅ፣ ደጋው በምዕራብ ቆመው መካከሉ ስለወረደ፣ ሌላ አገር ደረጃ ሆኖ የሚታየው ጠጠር እዚህ በአብዛኛው በላይ በላዩ እየተደረበ ይቀበራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መቀበር ነው። ጎርፍን በአንድ ክረምት ስንመዝነው ጥፋት እንለዋለን፤ ማሳው ለተወሰደበት ገበሬም ትክክለኛ ስሙ ይኸው ነው፤ የሺህ ዓመታት ሒሳብ አያጽናናውም፣ እንዲያጽናናውም መጠበቅ ግፍ ነው። ሆኖም ያ ገበሬ የሚያርሰውን መሬት ያመጣው ጎርፍ ነው። ጎርፉን በጠለፋ እየመለሰ ማሳውን የሚያጠጣው የራያ ሰው ይህን ከማንም በፊት በሥራው አውቆታል። መሬት የምንለው ነገር እዚህ ተራራው በየዘመኑ የተወው ድርሻ ነው፤ ርስት ብለን የምንከራከርበት አፈር ራሱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

በጠጠሩ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ውሃ ይይዛል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ፓምፕ የሚስበው የከርሰ ምድር ውሃ የሚገኘው በእነዚህ የጠጠርና የአሸዋ ንብርብሮች ውስጥ ነው። ጠጠሩ የተከማቸው በጥንት ዘመን ቢሆንም ውሃው የሚተካው በዛሬው ዝናብ ነው፤ በተለይም ወንዞቹ ከተራራው ወጥተው ሜዳውን በሚይዙበት፣ ድንጋዩ ሻካራና ልል በሆነበት ጠባብ ቀጠና ጎርፉ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ያ ቦታ ለእርሻ የማይረባ ድንጋያማ መሬት ስለሆነ ለመደፈንም ጠጠሩ ለመታፈስም ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ነው።