ኀዘናችንን ወደ መሠዊያው እናምጣ



በለቅሶ ቤት ዘወትር ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «አታልቅስ፣ ክርስቲያን አይደለህምን?» የሚለው ነው። ይህን የሚናገሩ ሰዎች ክፋት አስበው እንዳልሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ቃሉ ኀዘንተኛውን ሁለት ሸክም ያሸክመዋል፤ አንዱ የሞተበት ሰው ናፍቆት ሲሆን፣ ሌላው ማዘኑ ራሱ የእምነት ጉድለት መስሎ ስለሚታየው የሚያድርበት ኀፍረት ነው። ከዚህም የተነሣ ከቀብር በኋላ ከቅዳሴ የሚቀሩ አሉ። «በሰው ፊት እንባዬ ይመጣብኛል» ይላሉ፤ ወይም «ጸሎት ከአፌ አልወጣ አለኝ» ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንናገራቸው የምንፈልገው እነዚህን ወገኖች ነው።

ጌታችን አልዓዛርን ከመቃብር እንደሚያስነሣው እያወቀ በእኅቶቹ ፊት አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ምእመናን የከለከላቸው እንደ ተስፋ ቢሶች እንዳያዝኑ ነው እንጂ ፈጽሞ እንዳያዝኑ አይደለም (1ተሰ. 4፥13)። እንግዲህ ጥያቄው ክርስቲያን ያለቅሳል ወይስ አያለቅስም የሚል ሳይሆን፣ እንባውን ወዴት ይዞት ይሄዳል የሚል ነው።

ለዚህ የቅዱስ አውጉስጢኖስን ኀዘን መመልከት ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ387 እናቱ ቅድስት ሞኒካ ወደ አገራቸው ወደ አፍሪካ ለመመለስ መርከብ ሲጠባበቁ፣ በሮም ወደብ በኦስትያ በትኩሳት ታመመች፤ በታመመችም በዘጠነኛው ቀን፣ በ56ኛው የዕድሜዋ ዓመት ዐረፈች። ዓይኖቿን የከደነ ልጇ ራሱ ነው። የልጅ ልጇ አዴኦዳቱስ ጮኾ ቢያለቅስ በቦታው የነበሩት ዝም አሰኙት፤ በተስፋ ያረፈችን ሴት በዋይታ መሸኘት አይገባም ብለው ነበርና። አውጉስጢኖስም እንባውን በግድ ዋጠው። በመቃብሯ አጠገብ መሥዋዕተ ቅዳሴ ሲቀርብ እንኳ አላለቀሰም። ኀዘኑ ይቀልለው እንደሆነ ብሎ ገላውን ታጠበ፤ አልቀለለውም። ተኝቶ ከነቃ በኋላ ግን፣ ብቻውን በአልጋው ላይ ሳለ፣ ያጠመቀው ቅዱስ አምብሮስዮስ የደረሰው የማታ መዝሙር ትዝ አለው። ከመዝሙሩም ቀጥሎ የእናቱ ደግነት ቀስ በቀስ ወደ ልቡ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ የታፈነው እንባው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት ፈሰሰ። ይህን ሁሉ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ በዘጠነኛው ክፍል ያለ ኀፍረት ጽፎታል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የአውጉስጢኖስን እንባ የለቀቀው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው። ሥርዓተ አምልኮ ኀዘንተኛውን ዝም ሊያሰኝ አልመጣም፤ ለእንባው ስፍራ ሰጠው እንጂ። ስለዚህ በቅዳሴ መካከል እንባ የሚመጣበት ሰው ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። ለዚያ እንባ ከመሠዊያው ፊት የተሻለ ቦታ አናውቅም።

«ጸሎት አልወጣ አለኝ» ለሚለውም ከዚያው ቤት መልስ እናገኛለን። አዴኦዳቱስ ዝም ካለ በኋላ መዝሙረ ዳዊትን አንሥቶ ማዜም የጀመረው አውጉስጢኖስ አልነበረም፤ ኤቮዲዩስ የተባለው ወዳጃቸው ነበር። የቤቱም ሰዎች ተቀበሉት። በአገራችንም በሟች ዙሪያ ዳዊት መድገም የቆየ ልማድ ነው። ኀዘንተኛው ቃል ሲያጣ ሌላው ቃሉን ያነሣለታል፤ ቤተ ክርስቲያን መባሉም ለዚህ ነው። አፉ የተያዘበት ሰው በቅዳሴ ጊዜ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ማኅበሩ ስለ እርሱ እየጸለየ ነውና ጸሎት አልቀረበትም።

ቅድስት ሞኒካ ቀድሞ በአገሯ በታጋስቴ፣ በባለቤቷ መቃብር አጠገብ ለመቀበር አጥብቃ ትመኝ ነበር። በመጨረሻ ግን ያን ተወችው። ሥጋዋ የትም ቢያርፍ ግድ እንደሌላት ተናግራ፣ ልጆቿን የለመነቻቸው የትም ቢሆኑ በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ብቻ ነበር። ይህ ልመና ዛሬ በብዙ ቤቶቻችን ላይ የሚደርስ ነው። ልጃቸው በዓረብ አገር ወይም በስደት ጎዳና የሞተባቸው፣ መርዶው በስልክ የመጣላቸው፣ አስከሬን ያልተመለሰላቸው ወላጆች አሉ። መቃብር የሌለው ኀዘን ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚሄዱበት፣ የሚንበረከኩበት ቦታ የለምና። ለእነዚህ ወላጆች የምንላቸው፣ የልጃችሁ ስም የሚጠራበት ስፍራ በቁምስናችሁ አለ፤ በግእዙም ሆነ በላቲኑ ሥርዓት በየቅዳሴው ሙታን ይታሰባሉ።

ስለ ሙታን መጸለይ ከጥንት የመጣ ነው። ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት ስለ ወደቁት ወታደሮቹ 2,000 ድራክማ ብር ሰብስቦ መሥዋዕት እንዲቀርብላቸው ወደ ኢየሩሳሌም ልኳል (2መቃ. 12፥43)። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ይህንኑ በቁጥር 1032 ያስተምራል። «ተዝካር» የምንለው ቃልም መታሰቢያ ማለት ነው፤ በግእዙ ቅዳሴ ጌታችን መታሰቢያውን እንዲያደርጉ ሐዋርያቱን ያዘዘበት ቃል ይኸው ነው። እንግዲህ ዋነኛው ተዝካር ቅዱስ ቁርባን ነው። (ለድግስ ተበድሮ ለዓመታት ዕዳ የሚከፍል ቤተሰብ ይህን ቢያስብ ደስ ይለናል። አንድ ቅዳሴና ለድኻ የተሰጠ እንጀራ ለሟቹ ይበቃዋል፤ ጎረቤትም ቢያማ ይማ።)

ካቴኪስቶች ሆይ፣ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ (ኢዮ. 2፥13)፤ የከፋው አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ልጇ ለሞተባት እናት «እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው» ማለት ለተናጋሪው ይቀልላል፤ እርሷ ግን ልጇን ከቀማት አምላክ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። እናንተ ምክንያት አትፈልጉላት። የእድሩ ድንኳን ከፈረሰ፣ ለቅሶ ደራሹም ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ወደ ቤቷ ሂዱ። የሟቹን ስመ ጥምቀት ጠይቁና ጽፋችሁ ለቆሞሱ ስጡ፤ ቅዳሴው የሚደረግበትንም ቀን ንገሯት። በዚያ ቀን ማለዳ መጥታችሁ ከቤቷ ውሰዷት፤ በቤተ ክርስቲያንም ከአጠገቧ ተቀመጡ። መዝሙሩ ሲነሣ ድምጿ ቢጠፋ እናንተ ተቀበሉላት።