የጎሚስታው ኮምፕሬሰር

ነቀምቴ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦና በባኮ በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መኪና እዚህ ሲደርስ መንገዱ ይከፈልበታል። አንዱ ወደ ዲጋ ወርዶ፣ የዲዴሳን ድልድይ ተሻግሮ ጊምቢ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ደምቢ ዶሎ ወይም ወደ አሶሳ ነው። ሌላው በአንገር ጉትን አድርጎ ዓባይን ይሻገርና ቡሬ ይወጣል። ሦስተኛው ወደ በደሌና ጅማ ይታጠፋል። እንዲህ ባለ ከተማ የጋራዥ ሥራ አይጠፋም፤ ሲጠፋ ግን የብዙ ቤት ምድጃ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ በከተማዋ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ አንድ ጋራዥ ነበረ እንበል።

በጋራዡ ከባለቤቱ ሌላ አራት ሰዎች ይውሉ ነበር። አንዱ የሞተር መካኒክ ነው፤ መኪናው ገና በር ላይ ሳለ ድምፁን ሰምቶ ብልሽቱን የሚናገር፣ ሹፌሮች ከመንዲ ድረስ ስሙን ጠርተው የሚመጡለት ሰው። ሁለተኛው ጎሚስታ ነው። ደመወዝተኛ አይደለም፤ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ኮምፕሬሰር አምጥቶ የግቢውን ጥግ ተከራይቷል። ሦስተኛዋ ሒሳብ ያዥ ናት። ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃ ባንክ ለመግባት ስትጠባበቅ እዚህ የቀረች ናት፤ የዱቤው ደብተር በእጇ ነው። አራተኛው ረዳት ነው፤ ሥራው ቁልፍ ማቀበል፣ ዕቃ በናፍታ ማጠብ፣ መኪና ሥር ለተኛው መካኒክ መብራት መያዝ ነው።

ቡና በሚጫንበት ወራት አይሱዙዎቹ ግቢው ሞልቶባቸው ውጭ ተራ ይይዙ ነበር። ከዚያ መንገዱ ታመመ። አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ በሌሊት መንዳት ቀረ፤ ሹፌሩም ነቀምቴ ላይ ከማደር ይልቅ ከቀትር በፊት አልፎ መሄድን መረጠ። ይህ ሳያንስ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኩሽኔታው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ጎማው ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ። ባለመኪናው ወይ ሳያስጠግን ይነዳል፣ ወይ ያቆማል። ለጋራዡ ሁለቱም አንድ ነው።

ባለቤቱ ሠራተኞቻቸውን ሰበሰቡ።

«ልጆቼ፣ አልዋሻችሁም» አሉ። «የዚህንና የሚቀጥለውን ወር እከፍላለሁ። ከዚያ ወዲያ የምከፍለው የለኝም። በሩን ግን አልዘጋም። ሥራ ያገኘ ሰው በሞርሳውም በቁልፉም እዚሁ ይሥራ፤ ኪራይ አልጠይቅም።»

ጎሚስታው ብዙ አልቆየም። ሦስት ልጆች አሉት፤ የቤት አከራዩም ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኩታለች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ገዢ መጣና ኮምፕሬሰሩን በርካሽ ወሰደው። ገንዘቡ የሁለት ወር የቤት ኪራይና የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ሆነ። እሱም አዲስ አበባ ሄዶ የሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኛነት ገባ።

መካኒኩ ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ወንበር ይዞ ተቀመጠ። መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። አንድ ቀን ከዲጋ አካባቢ አንዲት የወፍጮ ቤት ባለቤት መጡ።

«የወፍጮዬ ሞተር ቆመብኝ። ሰው በቆሎውን ተሸክሞ እየመጣ ይመለሳል» አሉት።

«አዴ፣ እኔ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። የወፍጮ ሞተር የሚነካ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አላቸው። በጨዋ አነጋገር ነው ያለው፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት የገነባው ስም ወፍጮ ቤት ሲገባ የሚረክስ መስሎታል።

ረዳቱ ይሰማ ነበር። ሴትዮዋን እስከ መናኸሪያው መንገድ ተከተላቸው።

«አዴ፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሦስት ዓመት መብራት ስይዝ ነው የኖርኩት። ግን ልየው። ካልቻልኩ አልቻልኩም እልዎታለሁ፤ የመሳፈሪያዬን ብቻ ይከፍሉኛል።»

«ና ልጄ» አሉት።

ሄዶ አየው። የናፍታው ማጣሪያ በቆሻሻ ተደፍኗል፤ መስመሩ አየር ይዟል። ማጣሪያውን አጠበ፣ አየሩን አስወጣ፣ ሞተሩ ተነሳ። ነገር ግን ጥቁር ጭስ ያጨሳል፤ ቺንጋው ድንጋዩን ሲይዝ ጉልበት አጥቶ ይንተባተባል። ልጁ ጋራዥ ውስጥ ይህን ጭስ ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ ፖምፓው ነው። እዚህ ላይ እጁን ሰበሰበ። «ከዚህ በላይ ብነካው አበላሽብዎታለሁ» አለና ፖምፓውን ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ነቀምቴ ተመለሰ። ሻይ ቤቱ ገብቶ መካኒኩ ፊት ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ይሠራዋል ሲሉኝ ከእርስዎ ሌላ የማውቀው የለም አልኳቸው።»

መካኒኩ ወዲያው አልተናገረም። ጨርቁን ገለጠ። ፖምፓው ከከባድ መኪና ይውጣ ከወፍጮ፣ ጉዳቱ እሱ የሚያውቀው ጉዳት ነው። ተነስቶ መንገዱን ተሻገረና ሞርሳው ላይ አሰረው። ሲመሽ ጨረሰ። ማግስቱን ወፍጮው ዞረ፤ ሴትዮዋ ከፈሉ፤ በላዩ ላይ አንድ ከረጢት አንጮቴ ጨመሩ። ልጁ ገንዘቡንም አንጮቴውንም እኩል አካፈለ።

ሒሳብ ያዥዋ ይህን ስታይ የዱቤውን ደብተር አወጣች። በውስጡ የአሥር ዓመት ደንበኛ አለ፤ ስሙ፣ ከተማውና ሰፈሩ፣ መኪናው፣ ያልከፈለው ቀሪ። ስልክ መደወል ጀመረች። ስለ ዕዳው አላነሳችም። «አሁን ምን ቆሞብዎታል?» ብላ ነው የጠየቀችው። የመጀመሪያው ዕዳውን ልትጠይቀው መስሎት ዘጋባት። ሁለተኛው «መኪናው እንኳ ሥራ ስለሌለው ቆሟል፣ ግን የቡና መፈልፈያዬ ተሰብሯል» አለ። ሦስተኛው ዲዴሳ ሸለቆ ውስጥ በርበሬና ሽንኩርት የሚያጠጣበት የውሃ ፓምፕ እምቢ ብሎታል። እሷ ጉዞውን አቀናጀች፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ያሉትን ሥራዎች በአንድ ቀን ሰብስባ፣ በአንድ መሳፈሪያ ሦስት ቤት እንዲዳረስ አደረገች። ያለዚህ ስሌት ገቢው በትራንስፖርት አልቆ ይቀር ነበር። የተጠገነላቸው ሰዎችም ሳይጠየቁ የቆየ ዕዳቸውን በትንሽ በትንሹ ከፈሉ።

ወራት አለፉና መንገዱ በከፊል ተከፈተ። መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም መጡ። መካኒኩ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ልጁ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ወፍጮዎቹ መሄዱን አልተወም፤ ባጠራቀመው ገንዘብም ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ተመዘገበ፤ ረዳት መባሉ እንዲያበቃ። ሒሳብ ያዥዋ ከደመወዟ ሌላ እሷ ከምታመጣው ሥራ ድርሻ እንዲኖራት ከባለቤቱ ጋር ተፈራረመች።

ወደ ከተማዋ የሚገባው መኪና መጀመሪያ የሚፈልገው ደግሞ ጎማ የሚሠራለት ሰው ነው። ለጎሚስታው ደወሉለት፤ ደስ ብሎት መጣ። የኮምፕሬሰር ዋጋ ሲጠይቅ ግን የሸጠበት ገንዘብ ግማሹን እንኳ አይገዛም። ዛሬ እዚያው ጥግ ላይ ጎማ ይሠራል፤ በሌላ ሰው ኮምፕሬሰር። ከአንድ ጎማ ከሚያገኘው ለባለ ኮምፕሬሰሩ ይከፈላል፣ የተረፈው ለእሱ ይደርሰዋል።

ምሳሌው ይህ ነው። አራቱም ሰዎች በምናብ የተፈጠሩ ናቸው፤ መንገዱና የብሩ ነገር ግን እውነት ነው። ወለጋ ውስጥ ሥራ ያጣ ሰው ሁሉ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ።

ክፉ ጊዜ ሲመጣ ሥራ ጠፋ እንላለን። በቆሎ ግን መፈጨት አለበት፤ ቡናም መፈልፈል አለበት። ከመኪናው ጋር የቆመው ፍላጎት ወደ ወፍጮው፣ ወደ መፈልፈያው፣ ወደ ውሃ ፓምፑ ዞሯል። ሥራ ፈላጊ ወንድም እህቶቼን የምለምናቸው «የት ይቀጠራል?» ከሚለው በፊት «ዛሬ ሰው ምን ቆሞበታል?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ ሰውን በቅርብ ማወቅ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ደንበኛውን በስልክ ቁጥር ብቻ የሚያውቅ ሰው ደንበኛ አልነበረውም። የሒሳብ ያዥዋ ደብተር ከተማና ሰፈር የተጻፈበት መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም።

መካኒኩን ስሙ ከለከለው፤ እውቀቱ ግን ከስሙ ይሰፋ ነበር። ልጁ ደግሞ የታመነው ባወቀው ሳይሆን እጁን በሰበሰበበት ቦታ ነው፤ «ከዚህ በላይ ብነካው አበላሽብዎታለሁ» ያለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜም ይጠራል። በችግር ጊዜ ሁሉን እችላለሁ የሚለው በዝቷልና እንዲህ ያለው ቃል ዋጋው ከፍ ይላል።

በደመወዝ ለሚሠራው ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቅነሳ የሚሰናበት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ያዛል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። በቅነሳ ለወጣ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። በቅነሳ ጊዜ ቅድሚያ ተሰጥቶት የሚቆየውም የሥራ ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያለው ሠራተኛ እንደሆነ ይኸው አዋጅ ይደነግጋል። ስለዚህ የሠራኸውን የሚመሰክር ወረቀት፣ የምስክር ወረቀትህን፣ የቅጥር ደብዳቤህን በቤትህ አኑር፤ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ አትተው።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ሰው፣ ወደ ጎሚስታው ልመለስ። ለምን ሸጠ የሚሉት ሰዎች አሉ፤ እኔ አልልም። ልጆቹን ሜዳ ላይ ሊያወጣቸው አይችልም ነበር። መሣሪያውን የሸጠ ሰው ሥራ ሲመለስ የሌላ ሰው ገባር ሆኖ እንደሚቀር እሱም ያውቅ ነበር፤ ያጣው እውቀት ሳይሆን የሁለት ወር ኪራይ ነው። ይህን ሰው ብቻውን ቆሞ እንዲጠነክር መምከር ከንቱ ነው። ጥፋቱ የእኛ፣ የጎረቤቶቹ ነው።

በየሰፈሩ እድር አለ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት አለው፤ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ቃለ ጉባኤ አለው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተክላል። ታዲያ የሰው እንጀራ ሊሞት ሲል ለምን ዝም ይላል? እድሩ የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር፣ የልብስ ሰፊዋን መኪና፣ የበያጁን ማሽን በመያዣ ተቀብሎ የሁለት ወር ኪራይ ማበደር ይችላል። መሣሪያው በቀን ባለቤቱ ዘንድ ይሥራ፣ ማታ ዕቃ ቤት ይግባ። ለስድስት ወር ማንም እንዳይሸጠው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ብድሩም ከሚገኘው ሥራ በሳምንት በሳምንት ይከፈል።

የእድር ገንዘብ የሐዘን ገንዘብ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ስለዚህ ከተቀማጩ አንድ አሥረኛው ብቻ፣ አባላት በድምፅ ባጸደቁት ልክ፣ ለብድሩ ይለይ፤ ቀሪው አይነካ። ከአባላቱ ዋስ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች ይፈርሙ። ተበዳሪው የእድሩ አባል፣ መሣሪያውም የራሱ መሆኑ ይረጋገጥ። ይህን የምታነቡ የእድር ሰብሳቢዎች፣ በሚቀጥለው የወር ስብሰባችሁ ላይ የመዋጮ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ይህን አንድ አጀንዳ አስይዙልኝ።