ሪሰርችሽን ሰው ቢጽፍልሽ

 

የዛሬው ርዕስ በውስጥ መስመር ከደረሰኝ ጥያቄ የመጣ ነው። ጠያቂዋ ነርስ ናት፤ በዲፕሎማ ተመርቃ ለዓመታት ሠርታለች፤ አሁን ለዲግሪ በማታ እየተማረች ነው። ስሟንም የምትሠራበትንም ቦታ አልጠቅስም። ይህን ጥያቄ ግን ከእሷ ብቻ አልሰማሁትም። ስለዚህ ነርስ ባትሆኑም በእሷ ቦታ ሆናችሁ አንብቡት።

አሥር ዓመት ዋርድ ውስጥ ቆመሻል እንበል። አብራሽ ሺፍት የምትገባው ባለዲግሪ ልጅ የሕፃን ደም ሥር አልገኝ ሲላት የምትጠራው አንቺን ነው። በወሩ መጨረሻ ግን ደመወዟ ከአንቺ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ተመዘገብሽ። ሌሊት ዲዩቲ፣ ቀን ልጆች፣ ማታ ክፍል። ኮርሱን ሁሉ እንደምንም አለፍሽ፤ የቀረሽ የመመረቂያ ሪሰርች ብቻ ነው። ግቢው በር አጠገብ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ደግሞ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል። «ሥራውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የጎደለኝ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ብገዛ ማንን በደልኩ?» ትያለሽ።

መጀመሪያ አንድ ሸክም ላውርድልሽ። አንዳንዷ እህት «የምማረው ለደመወዝ ስለሆነ ኒያዬ ተበላሽቷል፤ እንግዲህ ምን ቀረኝ?» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ለሐጅ የሄደ ሰው በዚያው ቢነግድ ኃጢአት እንደሌለበት ነግሮናል። በሐጅ ያልተከለከለ የሐላል ሪዝቅ ፍለጋ በነርሲንግ ትምህርት አይከለከልም። ኢማም አል-ገዛሊም በ«ኢሕያእ» ሕክምናን ፈርደ ኪፋያ ከሆኑ ዕውቀቶች ቆጥረውታል። በዘመናቸው ሰዎች ሕክምናን ትተው ወደ ፊቅህ የሚጎርፉት ሹመትና የወቅፍ አስተዳደር ስለሚያገኙበት ነው ብለውም ወቅሰዋል። (ይህ ወቀሳ እኛን ኡስታዞችን ስለሚነካ ብዙ ጊዜ በኹጥባ አይጠቀስም።) የልጆችሽን የቤት ኪራይ ማሰብሽ ጥፋት አይደለም። በአንድ ዓይነት ሥራ ሁለት ዓይነት ደመወዝ መኖሩ ቢያስቆጣሽም እውነት አለሽ።

«ወረቀት ብቻ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ2014 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ420 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመልክቷል። ከነርሶቹ መካከል የባለዲግሪዎቹ ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ሲል፣ ሕመምተኛ በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ጥናቱ ዲግሪውና ሞቱ አብረው መሄዳቸውን ነው ያሳየው፤ ምክንያቱ ዲግሪው ብቻ ነው አላለም። ቢሆንም ልብ በይው። በቆጠራው ላይ የሚታየው የምስክር ወረቀት ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሕመምተኛው ትንፋሽ መለወጡን የምታስተውለው ግን የተማረችው ነርስ ናት።

«የአሥር ዓመት ልምዴስ?» ካልሽ፣ ልምድሽ ትልቅ ነው። ግን ልምድ የማያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ቆጥሮ ማረጋገጥ ነው። ለምሳሌ በኦፕሬሽን የወለዱ እናቶች ቁስላቸው አመርቅዞ ሲመለሱ ዋርዱ ሁሉ «ቤታቸው ንጽሕና ስለማይጠብቁ ነው» ይላል እንበል። አንቺም አሥር ዓመት እንደዚያው ብለሻል። የስድስት ወር መዝገብ አውጥተሽ፣ ማን በየትኛው ቀን በየትኛው ክፍል ፋሻ እንደተቀየረላት ብትቆጥሪ፣ ጥፋቱ ከቤታቸው ሳይሆን ከእናንተው የፋሻ መቀየሪያ ዕቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ወይም የተባለው ልክ ሆኖ ይገኛል። ሳትቆጥሪ አታውቂውም። ሪሰርች የሚባለው ነገር ሲጠቃለል ይኸው ነው። ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ሰውዬ ከእጅሽ የሚወስደውም ይህንኑ ነው፤ ያውም ከፍለሽው።

ይህን ከሩቅ ሆኜ አልናገርም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ጠዋት ጠዋት መድረሳ እየቀራሁ፣ ለሁለት ሰዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ ጽፌያለሁ። አንዱ የጤና ተማሪ ነበር። 120 እናቶችን መጠየቅ ነበረበት። መጠይቁን ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እኔው ሞላሁት። የእናቶቹን ዕድሜ፣ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ ለክትትል ስንቴ ጤና ጣቢያ እንደሄዱ፣ ሁሉንም ከራሴ። እንዳይታወቅብኝ ብዬ እስክሪብቶ እቀያይር ነበር። በዚያን ጊዜ «ምስኪን ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ጊዜ የለውም፤ መርዳት ነው» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ገንዘቡን ከዓመታት በኋላ በግምት ሰደቃ ሰጥቻለሁ። ያልነበሩት 120 እናቶች ግን አሁንም አንድ መደርደሪያ ላይ አሉ። ሌላ ተማሪ አምኖ ጠቅሷቸው ሊሆን ይችላል።

ሙስሊም የዘገቡት የገበያው ሐዲስ በዚያ ሰሞን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መቶት ነው አለ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት። ሰውየው ዝናቡን አላዘነበውም፤ እህሉም እህል ነው። የተወቀሰው ገዢው በሚያየው በኩል ደረቁን ብቻ ስላደረገ ነው። ሕመምተኛ ደግሞ እጁን አስገብቶ የሚፈትሽበት መንገድ የለውም። ባጅሽ ላይ የተጻፈውን አምኖ ክንዱን ይዘረጋል።

«የመውጫ ፈተና አለ አይደል? ብቃቴን እሱ ያረጋግጣል» የሚሉም አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ፈተናው ዲግሪ የለም፤ ጥሩ ነው። ፈተናው ግን መጠይቁን ማን እንደሞላው አይጠይቅም።

አንዲቱ ደግሞ «አሁን ላስጽፈውና በኋላ ተውበት አደርጋለሁ» አለችኝ። ሥራውን በሚገባ የሚሠራና ተውበት ያደረገ ሰው ደመወዙ ሐራም አይሆንበትም ያሉ ዑለሞች መኖራቸውን ሰምታለች። አሉ፤ እኔም ወደዚያ አዘነብላለሁ። ይህ ግን ወድቆ ለተነሳ ሰው የተሰጠ መውጫ ነው። የዩሱፍ (ዐ.ሰ) ወንድሞች ወንድማቸውን ለማስወገድ ሲመክሩ፣ ከዚያ በኋላ ደግ ሰዎች እንሆናለን ብለው ተውበቱንም አብረው አቅደው ነበር። ያ ዕቅድ አባታቸውን ዓይኑ እስኪጠፋ አስለቅሶታል።

እና ምን ላድርግ? አድቫይዘርሽን አንድ ሴሚስተር ጨምርልኝ በይው፤ ይፈቀዳል፤ ማፈር አያስፈልግም። ርዕስሽን አታስፊው። አንድ ዋርድ፣ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ቁጥሩን የሚያሰላልሽ ሰው ብትጠይቂና ማን እንደረዳሽ በግልጽ ብትጽፊ ነውር የለበትም። እንግሊዝኛሽን የሚያርምልሽም እንደዚሁ። አንተ ባሏ ወይም ወንድሟ የሆንክ ደግሞ፣ «ትምህርትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚለውን ትተህ ለሁለት ወር ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ያዝ። ጠያቂዋ እህት መልሱን ከሰማች በኋላ የጻፈችልኝ ይህንኑ ነበር። «ኡስታዝ፣ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ለባለቤቴ ላክልኝ።»

ልኬለታለሁ። ወላሁ አዕለም።